ከመሬቱ የሚነሣ ንድፍ፦ መሬት ሳይነካ የሚከፈት የትምህርት ቤት እርሻ በር

መግቢያ

የአንድ ትምህርት ቤት የእርሻ ቦታ በጠንካራ አጥር ቢከበብም፣ የአጥሩ ጥቅም የሚለካው በበሩ ነው። አጥር ጥሶ መግባት ለከብት አስቸጋሪ ነው፤ በተከፈተ በር መግባት ግን ምንም አያስቸግረውም። ተማሪዎችና መምህራን ክረምቱን ሙሉ የደከሙበት የጎመን መደብ ወይም የችግኝ ጣቢያ በአንድ ሌሊት የፍየል ቀለብ ሆኖ ሲያድር፣ ጠዋት በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «በሩን ማን ከፍቶ ተወው?» የሚል ይሆናል። ተማሪዎች ይወቀሳሉ፤ ጥበቃውም ይገሠጻል።

ይሁን እንጂ መዝጊያው ቀረብ ተብሎ ሲመረመር ሌላ ምክንያት የሚገኝበት ጊዜ አለ። የታችኛው አግዳሚ ጫፉ ተፍቆ አልቋል፤ ከፊቱ ያለው መሬትም በቅስት መልክ ተቦርቡሯል። ይህ ምልክት መዝጊያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከመሬት ጋር እንደሚታገል ይመሰክራል። ለመክፈት ሁለት ሰው የሚጠይቅ በር፣ አንድ ልጅ ውሃ ተሸክሞ ብቻውን ሲያልፍ ሳይዘጋ ቢቀር የሚያስደንቅ አይደለም። ጥፋቱ ከልጁ ጠባይ ይልቅ በንድፉ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ችግር ከየት እንደሚመነጭ፣ እንዴት እንደሚለካና በአካባቢ በሚገኝ ዕቃ እንዴት እንደሚወገድ ማስረዳት ነው። በተጨማሪም ሥራው ለሒሳብ፣ ለፊዚክስና ለግብርና ትምህርት የሚሰጠውን አጋጣሚ ያመለክታል።

1. በርና መዝጊያ

በአማርኛ «በር» የሚባለው መተላለፊያው ክፍተት ሲሆን፣ ክፍተቱን የሚሸፍነው ደግሞ «መዝጊያ» ይባላል። ይህ ልዩነት ለንድፍ ሥራ መሠረታዊ ነው። በሩ በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለ መስመር ነው፤ መዝጊያው ግን ሲንቀሳቀስ ስፋት ያለው ቦታ ይጠርጋል። 3 ሜትር ርዝመት ያለው መዝጊያ 90 ድግሪ ሲከፈት የሚጠርገው የክብ ሩብ ወደ 7 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ የሚለካው 3 ሜትሩን መስመር ብቻ ነው። መዝጊያው በመስመሩ ላይ ሳለ በትክክል ይገጥማል፤ ችግሩ የሚገለጠው ሊከፈት ሲሞከር፣ ባልተለካው 7 ካሬ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ የመልካም በር ንድፍ ከመዝጊያው ሳይሆን መዝጊያው ከሚያልፍበት መሬት መነሣት ይኖርበታል።

2. መዝጊያ መሬት የሚነካባቸው ምክንያቶች

ምክንያቶቹ በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ።

ሀ/ ተዳፋት። በደጋውና በወይና ደጋው አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚገኙት በኮረብታ ጎን ላይ ነው። መዝጊያው ወደ ዳገቱ የሚከፈት ከሆነ፣ እየተከፈተ በሄደ ቁጥር መሬቱ ወደ እርሱ ይወጣል።

ለ/ በመንገዱ ላይ ያለ መሰናክል። ድንጋይ፣ የዛፍ ሥር ወይም የቦይ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። በበጋ ያልነበረ መሰናክልም በክረምት ይፈጠራል፤ ጎርፍ ያመጣው ደለል በበሩ አፍ ላይ ይከማቻልና።

ሐ/ የመዝጊያው መውረድ። የመዝጊያው ክብደት በመካከሉ ላይ እንዳረፈ ሊቆጠር ይችላል። 40 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 3 ሜትር የሚረዝም መዝጊያ፣ ማጠፊያዎቹ በ1 ሜትር ተራርቀው ቢተከሉ፣ የላይኛውን ማጠፊያ በ60 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ 40 በ1.5 ተባዝቶ ለ1 ሲካፈል 60 ይሆናልና። በማጠፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 1.5 ሜትር ቢያድግ ጉተታው ወደ 40 ኪሎ ግራም ይቀንሳል። ርቀቱ 1 ሜትር ሲሆን የላይኛው ማጠፊያ በ1 ሳንቲ ሜትር ቢላላ የመዝጊያው ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ዛሬ በጠባብ ልክ የሚያልፍ መዝጊያ ከአንድ ዓመት በኋላ መሬት የሚፍቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ መረሬ አፈር ባለበት ስፍራ ደግሞ ቋሚው ራሱ ስለሚነቃነቅ ጉዳቱ ይብሳል።

3. ከመቆፈር በፊት መለካት

ለልኬታው የሚያስፈልጉት ሁለት ካስማዎች፣ ሲባጎ፣ ሜትርና ውሃ ልክ ናቸው። ውሃ ልክ ካልተገኘ ውሃ የተሞላ ነጭ የላስቲክ ቱቦ ይተካዋል፤ በቱቦው ሁለት ጫፎች የሚታየው ውሃ ምን ጊዜም በእኩል ከፍታ ላይ ይቆማልና።

ማጠፊያዎቹን የሚሸከመው ቋሚ በሚቆምበት ስፍራ አንደኛው ካስማ ይተከላል። በመዝጊያው ርዝመት ልክ የተቆረጠ ሲባጎ ከዚህ ካስማ ላይ ታስሮ በአግድም ይወጠራል። ሲባጎው በመጀመሪያ በአጥሩ መስመር፣ ከዚያም በ30፣ በ45፣ በ60ና በ90 ድግሪ ላይ እንዲያርፍ እየተደረገ፣ በያንዳንዱ አቅጣጫ በጫፉ፣ በመካከሉና ከካስማው አጠገብ እስከ መሬት ያለው ቁመት ይለካል። በጠቅላላው 15 ልኬታዎች ይገኛሉ። ከሲባጎው እስከ መሬት ያለው ቁመት ያነሰበት ነጥብ ከፍተኛው መሬት ነው።

በምሳሌነት 3 ሜትር የሚረዝም መዝጊያ ወደ ግቢው ውስጥ ይከፈታል፣ መሬቱም ወደ ውስጥ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ይወጣል እንበል። በመዝጊያው ጫፍ ሥር ያለው መሬት፣ ከበሩ መስመር ጋር ሲነጻጸር ከፍታው የሚከተለው ይሆናል፦

በ0 ድግሪ 0 ሳንቲ ሜትር፤
በ30 ድግሪ 15 ሳንቲ ሜትር፤
በ45 ድግሪ 21 ሳንቲ ሜትር፤
በ60 ድግሪ 26 ሳንቲ ሜትር፤
በ90 ድግሪ 30 ሳንቲ ሜትር።

መሬቱ ከሁሉ በፊት ፈጥኖ የሚወጣው በአከፋፈቱ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ግማሹ ከፍታ የሚደረስበት ገና በ30 ድግሪ ላይ ነው።

4. የመፍትሔ አማራጮች

አንደኛ፣ መዝጊያውን ከፍ አድርጎ መስቀል። በምሳሌው መሠረት 10 ሳንቲ ሜትር ማለፊያ እንዲተርፍ ከተፈለገ መዝጊያው ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህ ላምን ያግዳል፤ በግና ፍየል ግን ከሥሩ ሾልከው ይገባሉ።

ሁለተኛ፣ መሬቱን መቆፈር። በምሳሌው የሚወጣው አፈር 0.9 ሜትር ኩብ ብቻ ስለ ሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የተቆፈረው ቦታ በክረምት ውሃ የሚያቁርና በደለል የሚሞላ ጉድጓድ ይሆናል። በየዓመቱ የሚጸዳና ውሃው የሚወጣበት ቦይ ያለው ካልሆነ በስተቀር መፍትሔው ዘላቂ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ወደ ቁልቁለቱ እንዲከፈት ማድረግ። ከሁሉም የቀለለው ዘዴ ይህ ነው። ሆኖም በሩ ወደ መንገድ የሚወጣ ከሆነ መዝጊያው መተላለፊያ ይዘጋል፤ መንገደኛንም ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ በቂ ባዶ ቦታ ሲኖር ብቻ ይመረጣል።

አራተኛ፣ መዝጊያውን በሁለት መክፈል። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜትር የሆኑ ሁለት ክንፎች ቢሠሩ የሚያጋጥማቸው የመሬት ከፍታ ከ30 ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል። የያንዳንዱ ክብደት ግማሽ፣ እጁም ግማሽ ስለሚሆን በማጠፊያው ላይ የሚያርፈው ጉተታ ወደ ሩብ ይወርዳል።

አምስተኛ፣ መዝጊያው የሚዞርበትን ዘንግ ማዘንበል። ይህ ዘዴ ብዙም ያልተለመደና አሠራሩም በቀላሉ ስሕተት የሚገባበት ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች ሰፋ ብሎ ይቀርባል።

ከእነዚህ ሌላ ተዳፋቱ ወደ ውስጥ ሳይሆን በአጥሩ መስመር የሚሄድ ከሆነ ደንቡ አጭር ነው፦ ማጠፊያው በዝቅተኛው በኩል ባለው ቋሚ ላይ ይሁን፤ የመዝጊያው የታችኛው ጠርዝም መሬቱን ተከትሎ ሽቅብ ይሠራ። መዝጊያው ሲከፈት ጫፉ ከፍ እንዳለ ወደ ዝቅተኛው መሬት ስለሚዞር አይነካም። ማጠፊያው በከፍተኛው በኩል ከሆነ ግን ዝቅ ብሎ የተሠራው ጫፍ ወደ ከፍተኛው መሬት ይመጣና ይሰካል።

5. የመዞሪያውን ዘንግ ማዘንበል

በተለመደው አሠራር ሁለቱ ማጠፊያዎች በቱንቢ ተስተካክለው አንዱ በሌላው ትይዩ ይተከላሉ። ስለዚህ የመዝጊያው ጫፍ የሚጓዘው በአግድም ክብ ላይ ነው። መሬቱ ግን አግድም አይደለም። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ዘንበል ተደርጎ በላዩ ክብ ቢነደፍ፣ ክቡ ከሰሌዳው ጋር አብሮ ይዘነበላል፤ ይህም የሚሆነው ክቡ የተነደፈበት ዘንግ ለሰሌዳው ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ ነው። የመዝጊያውም ነገር እንዲሁ ነው። ዘንጉ ለቱንቢው ሳይሆን ለመሬቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ የመዝጊያው ጫፍ ከተዳፋቱ ጋር ተስተካክሎ እየወጣ ይሄዳል።

ይህን ለማድረግ ቋሚውን ማጋደል አያስፈልግም። መሬቱ ወደ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ የታችኛው ማጠፊያ ከላይኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ገፋ ብሎ እንዲወጣ ይደረጋል። ልኩም የሚገኘው በማጠፊያዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በተዳፋቱ በማባዛት ነው። ርቀቱ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ ከ10 አንድ ከሆነ፣ የታችኛው ማጠፊያ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይወጣል። እንዲህ የተሰቀለ መዝጊያ ጫፉ በ30 ድግሪ 15፣ በ45 ድግሪ 21፣ በ60 ድግሪ 26፣ በ90 ድግሪ 30 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ይህም ከላይ ከተለካው የመሬት ከፍታ ጋር አንድ ነው። ተዘግቶ ሳለ 10 ሳንቲ ሜትር የነበረው ማለፊያ እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ ይቆያል።

ስሕተት የሚፈጸመው በአቅጣጫው ላይ ነው። ዘንጉ በአጥሩ መስመር፣ ማለትም አናቱ ወደ መዝጊያው እንዲያዘነብል ቢደረግ፣ ሲዘጋም አግድም እንዲሆን አድርገው ቢሠሩት፣ መዝጊያው በ90 ድግሪ ልክ እንደ መጀመሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። አነሣሡ ግን ሌላ ነው፦ በ30 ድግሪ 4፣ በ45 ድግሪ 9፣ በ60 ድግሪ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የ10 ሳንቲ ሜትሩ ማለፊያ ሲታከልበት በ45 ድግሪ 19 ይደርሳል፤ መሬቱ ግን በዚያ ስፍራ 21 ነው። ስለዚህ መዝጊያው መነሻውም መድረሻውም ነጻ ሆኖ ሳለ በመካከሉ መሬት ይነካል። በ0ና በ90 ድግሪ ብቻ የለካ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

የዘንጉ መዘንበል የሚያስከትላቸው ሦስት ነገሮች አስቀድመው ሊታሰቡ ይገባል። በመጀመሪያ፣ የተዘጋው መዝጊያ አናቱ በየ1 ሜትር ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ በመሆኑም መዝጊያውን የሚቀበለው ቋሚ ላይ ከዚሁ ጋር የሚገጥም ማረፊያ እንጨት መምታት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መዝጊያው ሲከፈት ክብደቱ ይነሣል፤ ሲለቀቅም በራሱ ይዘጋል። 40 ኪሎ ግራም የሆነው መዝጊያ 90 ድግሪ ሲከፈት የስበት ማዕከሉ 15 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ግፊት ግን፣ በጫፉ ላይ ሲሆን፣ 2 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ልጅም ይከፍተዋል። በራሱ መዘጋቱ ለእርሻው ትልቅ ጥቅም አለው። ሦስተኛ፣ ይኸው ጠባይ ጥንቃቄ ካልተደረገበት የልጆችን ጣት ሊያደቅ ይችላል። ስለዚህ ተከፍቶ እንዲቆይ ሲፈለግ የሚይዘው መንጠቆ፣ ሲዘጋ ደግሞ ምቱን የሚያበርድ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሊኖረው ይገባል።

ተዳፋቱ ከ10 ሁለት በሚሆንበት ስፍራ የ3 ሜትር መዝጊያ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር መነሣት ስላለበት ይህ ዘዴ አይመችም። በዚያ ጊዜ የበሩን ቦታ መለወጥ፣ ወይም በሁለት ቋሚዎች መካከል በአግድም የሚሰኩ ግንዶችን መጠቀም ይሻላል። የሚሰኩ ግንዶች መሬት አይጠርጉም፤ ድክመታቸው ለማውጣትና ለመመለስ ጊዜ መውሰዳቸው ነው።

6. በአካባቢ ዕቃ መሥራት

ብረት ማጠፊያ ውድ ወይም የማይገኝ በሚሆንበት ጊዜ በጥንታዊ ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት የሚታየው አሠራር ሊረዳ ይችላል። በዚህ አሠራር የመዝጊያው አንዱ ጎን ከላይና ከታች ጫፍ ይወጣለታል፤ መዝጊያውም በእነዚሁ ጫፎች ላይ ይዞራል። ለእርሻ በር የታችኛው ጫፍ በጎድጓዳ ድንጋይ ውስጥ ይቆማል፤ የላይኛው በብረት ቀለበት ወይም በጠፍር ከቋሚው ጋር ይያዛል። ክብደቱን የሚሸከመው ድንጋዩ ስለ ሆነ ቀለበቱ የሚቋቋመው የጎን ጉተታውን ብቻ ነው። ዘንጉን ለማዘንበልም ድንጋዩን በሚፈለገው ልክ ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃል። ጎድጓዳው ውሃ እንዳያቁርና እንጨቱን እንዳያበሰብስ ከጎኑ ትንሽ መፍሰሻ ይፈለፈልለታል።

መዝጊያው እንዳይወርድ የሚጠብቀው ሰያፍ ደጋፊ ነው። አራት ማዕዘን ቅርጽ ሲገፋ ይጋደላል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ጎኖቹ ካልተሰበሩ ቅርጹን አይለውጥም። ደጋፊው እንጨት ከሆነ በማጠፊያው በኩል ካለው የታችኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ ጫፉ የላይኛ ጥግ ይወጣል፤ ግፊትን ይሸከማልና። ሽቦ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው፣ በማጠፊያው በኩል ካለው የላይኛው ጥግ ወደ ጫፉ የታችኛ ጥግ ይወርዳል፤ ሽቦ መወጠርን እንጂ መገፋትን አይችልምና። ይህን ማፈራረቅ ደጋፊውን ከንቱ ያደርገዋል።

ለቋሚነት የባሕር ዛፍ ግንድ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን መሬት ውስጥ የሚገባው ክፍል ከምስጥና ከብስባሽ እንዲጠበቅ መድኃኒት ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ያስፈልገዋል። ጽድና ወይራ ምስጥን በመቋቋም የታወቁ ቢሆኑም እየመነመኑ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ስለ ሆኑ፣ ከአሮጌ ሕንፃ የተገኘ እንጨት ካልሆነ በቀር ለዚህ ሥራ ባይቆረጡ ይመረጣል።

7. በክፍል ውስጥ

ዘዴውን ለማስረዳት ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ ይበቃል። መምህሩ መጽሐፉን በጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆምና ልባሱን ወደ ተማሪዎቹ ይከፍታል፤ የልባሱ የታችኛው ጠርዝ ጠረጴዛውን እንደ ተጠጋ ይዞራል። ቀጥሎ የመጽሐፉን አናት ከተማሪዎቹ ራቅ አድርጎ ወደ ኋላ ያዘነብለዋል። አሁን ልባሱ ሲከፈት ጫፉ ይነሣል፤ ሲለቀቅም ተመልሶ ይዘጋል። አናቱ ወደ ፊት ካዘነበለ ግን ልባሱ ጠረጴዛውን ይገፋል።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎች ወደ መስክ ወጥተው መሬቱን ይለካሉ። በያንዳንዱ ማዕዘን የተገኘው ከፍታ በ90 ድግሪ ላይ ለተገኘው ከፍታ ሲካፈል 0.5፣ 0.7፣ 0.87ና 1 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች በሒሳብ መጽሐፍ ጀርባ በሠንጠረዥ የሚታዩት የ30፣ የ45፣ የ60ና የ90 ድግሪ ሳይን ዋጋዎች ናቸው። የእውነተኛው መሬት ልኬታ ከሠንጠረዡ ጥቂት ቢለይ እንኳ ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ነው፤ ድንጋዩ ወይም ጉድባው የት እንዳለ ያመለክታልና። ተማሪው ሳይን የሚባለውን ነገር በሰሌዳ ላይ ከማየቱ አስቀድሞ በእግሩ ሥር አግኝቶት ይመለሳል። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የማጠፊያው ጉተታ፣ በግብርና ክፍለ ጊዜ የጎርፍ መቀየሻ ቦይ በዚሁ በር ላይ ሊጠኑ ይችላሉ።

8. ለዕቅድ አውጪዎች

ለብዙ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት የበር ንድፍ ማዘጋጀት ወጪንና ጊዜን ይቆጥባል። ሆኖም አንድ ንድፍ ሜዳ ላይ የተመሠረተ ከሆነ የሚያገለግለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከንድፉ ጋር የ15ቱ ነጥቦች ልኬታ የሚሞላበት አንድ ገጽ ቅጽ አብሮ ቢላክ፣ የመዝጊያው ርዝመት፣ የአከፋፈቱ አቅጣጫና የታችኛው ማጠፊያ ልክ ግን በየትምህርት ቤቱ እንዲወሰን ቢተው የተሻለ ውጤት ይገኛል። የበሩ ቦታም አጥሩ ታጥሮ ካለቀ በኋላ በተረፈው ክፍተት ሳይሆን፣ አስቀድሞ ሜዳ የሆነው ስፍራ ተፈልጎ ሊመረጥ ይገባል። ከክረምት በፊትና በኋላ ማጠፊያን መመርመር፣ ደለልን መጥረግና ቅባት መቀባት በትምህርት ቤቱ የሥራ ዕቅድ ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ መሬት የሚፍቅ በር የማይቀር ዕጣ አይደለም። መዝጊያው የሚጠርገው ቦታ አስቀድሞ ቢለካ፣ ዘንጉ ለመሬቱ ቢስተካከል፣ ሰያፍ ደጋፊውም በትክክለኛው አቅጣጫ ቢገባ፣ አንድ ልጅ በአንድ እጁ ከፍቶ ሲያልፍ ከኋላው በራሱ የሚዘጋ በር ማግኘት ይቻላል። ለዚህ የሚጠፋው የግማሽ ቀን ልኬታ ነው፤ የሚተርፈው ደግሞ የአንድ ክረምት ሰብልና ያለ አግባብ ሊወቀስ የነበረ ተማሪ ነው።